በጠራራ ፀሐይ የበራ መብራት

ሰው ሲመክረኝ ደሜ ይፈላል፤ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት ነው። የመልካሙም ጥፋት ይኸው ነው፤ መከረኝ።

መልካሙ ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ያን ዓርብ ጠዋት አዲሶቹን የፊት መብራት አምፖሎች ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ።

«ረዲ፣ ይኼ አምፖል ኃይለኛ ነው። የሚኒባስህ ሽቦ ደግሞ ዕድሜው ካንተ ይበልጣል፤ ይህን አይችልም፣ ይግላል። ወፍራም ሽቦ ልሳብልህና ሪሌ ላስገባልህ፤ ያኔ ጭነቱ ማብሪያው ላይ አያርፍም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ነገ።»

«እኔ ነገ የለኝም!»

የለኝማ! ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቼን ይዤ ወደ ግራና ከተማ እወርዳለሁ። ሐጂ ዓሪፍን፣ የነሲባን አባት፣ ልጃቸውን ለእኔ እንዲሰጡኝ ሊጠይቁልኝ ነው። ሐጂ ደግሞ «ለሹፌር ልጅ አልሰጥም፤ ሹፌር ሰው አይሰማም» ብለዋል አሉ። እንግዲህ እኔን ባይወዱኝ መኪናዬን ይውደዷት ብዬ ነው።

አምፖሎቹን ራሴ ቀየርኳቸው። ሳበራቸው ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ከተትኩ፤ እሱም ተቃጠለ። ተናደድኩና በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዤ ወሸቅሁበት። በራ! ማሻአላህ፣ አበራሩ!

ሲሪንቃን ስናልፍ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መብራቴ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ሚስት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አዲስ ነገሩን ይደብቃል እንዴ? ከፊት የሚመጣ ሹፌር ሁሉ እጁን አውጥቶ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መብራትህን አጥፋ ማለታቸው ነው፤ አውቃለሁ። ቀንተው ነው አልኩ።

መርሳ ስንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። ከኋላዬ አጎቴ ሼህ ኑርሁሴንና ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ተቀምጠዋል።

«ተፈራ፣ ጋቢህን ምድጃ ላይ ነው እንዴ ያሰጣኸው?» አሉ ሼሁ።

«ጋቢዬ ትናንት ነው የታጠበ። ይልቅ ጫማዎን ይዩት፣ ቀልጦ እንዳይሆን።»

«ሱብሀነላህ! ጫማዬ አዲስ ነው!»

«አዲስ አምፖል እንዲህ ይሸታል፤ ቆይቶ ይለቃል» አልኳቸው በቁጣ። ሁለቱም አመኑኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሚስት የሚጠየቅለት ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም፤ ወጉ ነው። ነሲባ እንድታየው የመኪናዬን ፊት ወደ ሐጂ ቤት በር አዞርኩና መብራቱን እንዳበራሁ ውስጥ ተቀመጥኩ። የቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ።

«ሐጂ፣ ልጃችን ዝምተኛ ነው» አሉ ሼሁ። ከመሪው ሥር ጭስ ብቅ አለ።

«ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» አሉ ጋሽ ተፈራ። እኔ መብራቱን ለማጥፋት ማብሪያውን ባዞር፣ ወይ ፍንክች! ቀልጦ ተጣብቋል።

«የመካሪን ቃል ደግሞ መሬት አይጥልም» አሉ ሼሁ።

ይኼኔ የቀለጡት ሽቦዎች እርስ በርስ ተነካኩና ጡሩምባው ራሱን ነፋ። አያቋርጥም! መሪውን ብደበድበው፣ ብለምነው፣ አልሰማ አለኝ፤ ልክ እንደ ባለቤቱ።

ቤቱ እንዳለ ወጣ። ሐጂ ውሃ በባልዲ ይዘው ሮጡ።

«ውሃ አይሆንም አባዬ!»

ነሲባ ናት። የአባቷን የመስኖ ሞተር የምትፈታበትን ቁልፍ ይዛ በአጠገቤ አለፈች፤ የፊት ወንበሩን ገልብጣ የባትሪውን ገመድ ፈታችው። ጸጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። ጭሱ ሲበርድ ከፊውዞቹ መካከል ያቺን የመዳብ ሽቦ በጨርቅ ይዛ መዘዘቻት።

«ይቺን እዚህ የከተታት ማነው?»

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልካሙ ወልድያ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል? ግን ዓይኗን አየሁና አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሪሌ አስገባ ተብዬ ተመክሬ ነበር። አልሰማሁም።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ ጋሽ ተፈራ። የእኔው ሽማግሌ!

ሐጂ ባልዲያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያው ለዚህ ነው የጠየቁሽ። ምን ትያለሽ?»

በእኛ ዘንድ ልጅቱ ዝም ካለች ፈቀደች ማለት ነው። ዝም በይ፣ በአላህ ዝም በይ!

«ሪሌ ያስገባ» አለች። «ከዚያ ይምጡ።» ቁልፏን ይዛ ገባች።

መኪናዬን አስጎትቼ መልካሙ ዘንድ ወሰድኳት። «እንዳልከው አድርገው» አልኩት። ሽቦውን ሲስብ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

«አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

በሳምንቱ ዓርብ መብራቴን አጥፍቼ ግራና ወረድን። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። መስኮቱ ዛሬም ክፍት ነው።

«ነሲባ፣ ዛሬስ ምን ትያለሽ?» ሲሉ ሐጂን ሰማኋቸው።

ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ጠበቅሁ። አሁንም ምንም። ጋሽ ተፈራ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይኔን እንባ ሞላው፣ ወላሂ አልዋሽም።

ያን ቀን ጡሩምባውን የነፋሁት እኔ ራሴ ነኝ።