አልገጠመም የተባለው ኩላሊት

በኮሌጁ የሥነ ምግባር መግቢያ የምታስተምረው መምህርት ተማሪዎቿን የምታፋጥጥባት አንዲት ጥያቄ ነበረቻት፤ ጤነኛ ሰው ከአካሉ ቆርሶ ለታመመ የመስጠት ግዴታ አለበት ወይ? ግማሹ ክፍል የምትተርፈውን ነፍስ አስቦ አለበት ይላል፤ ግማሹ ሰው ዕቃ አይደለም ብሎ ይሟገታል። እሷ ከኋለኞቹ ጋር ነበረች። በግድ የተሰጠ ነገር ስጦታ አይባልም ትላቸው ነበር።

የታላቅ እህቷ ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ ጥያቄው ቤቷ ድረስ መጣ። እህቷ ማለት እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷንና ታናሽ ወንድሟን አሳድጋ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ናት። ከዘመድ አዝማዱ ትሰጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ሁሉም የጠየቋት ምርመራው መቼ እንደሆነ ነው።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ብቻዋን አስገባትና በሩን ዘጋ። ኩላሊቷ ከእህቷ ጋር ይገጥማል። ይህን ሲነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋት።

«የልብዎን ይንገሩኝ። ካልፈለጉ ለቤተሰቡ አልገጠመም እላለሁ፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ትልቅ ምክንያት ብታገኝ በወደደች። አልነበራትም። መቀደዱን ነው የፈራችው፤ ተኝቶ አለመንቃትን። «እንደሱ ይበሉልኝ» አለች።

የሚወቅሳት ቢኖር መልስ አታጣም ነበር። ግን ሁሉም እንደ ሐዘንተኛ ያባብላት ጀመር። እህቷ ራሷ ከኩላሊት እጥበት ስትመለስ፣ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ አቀፈቻት።

«አይዞሽ የኔ እናት። ቢሆንልሽ ኖሮ እንደማትሰስቺብኝ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወንድሟ ተመረመረ። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲያነሳ ሲጥል የሚውል ጎሚስታ፣ የሁለት ሕፃናት አባት ነው። የሱም ገጠመ።

መምህርቷ ሱቁ ድረስ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እኔ እሰጣለሁ፣ እውነቱንም ዛሬውኑ እነግራታለሁ አለችው። መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ስሚኝ እህቴ፤ አሁንም እየተንቀጠቀጥሽ ነው። እኔ ወድጄ ነው የምሰጣት። ለሷ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ኩላሊቷን አጥታለች፤ እህቷን ደግሞ አታሳጫት።»

እውነት መናገር ግዴታ ነው ልትለው አፏን ከፈተች። ለማን ብላ ነው የምትናገረው? እህቷን አሳዝና እፎይ የምትለው እሷው እንደሆነች ገባትና መልሳ ዘጋችው።

ቀዶ ሕክምናው ሰመረ። የእህቷ ፊት ወዙ ተመለሰ። ወንድሟ ከባድ ዕቃ ማንሳት ስለተከለከለ ሱቁን ለሠራተኛ ለቆ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። መምህርቷ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመላልስለታለች። እሱም ተይው አይላትም።

እህቷ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እጇን ይዛ፣ «ይቺም እኮ ልትሰጠኝ ነበር፤ አልገጠመም ሲሏት ቅስሟ ተሰበረ» ትላለች። እንግዶቹ ከንፈራቸውን ይመጡላታል። እሷም አቀርቅራ፣ እጇን ሳታስለቅቅ፣ እስኪበቃቸው ትጠብቃለች።