የትኛውን ክንድ?

አዲሱ ገበያ ድንች እሸጣለሁ፤ ዛሬ ግን ጉለሌ ባለ ሆስፒታል የሐኪሞችና የነርሶች አስተማሪ ነኝ። ከጡት ካንሰር ከዳንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሠልጣኞቹ ከካንሰር የዳነ ሰው እንዴት እንደሚመረመር ሊማሩ ደጅ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየገቡ ደም ግፊቴን ይለካሉ። መለኪያውን ሆን ብዬ በግራዬ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የገባችው ነርስ ሰናይት "እግዜር ይማርዎት፣ እናቴ" ብላ ግራ ክንዴን ያዘች።

"ድኛለሁ እኮ! በዚህ በኩል ከብብቴ ዕጢ ወጥቷል፤ መለኪያው ሲጠብቅበት ክንዴ ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ ጠይቂ!"

ከእሷ በኋላ የገቡት ሦስቱም ግራዬን ያዙ። አምስተኛው ያኔ ቀዶ ሕክምናውን የሠሩልኝ ዶክተር ዳኜ ናቸው፤ ዛሬ እሳቸውም ከሠልጣኞቹ አንዱ ናቸው። እሳቸውስ አይስቱም ብዬ ስጠብቅ፣ በደስታ ሰላም ብለውኝ ግራ ክንዴን ሳብ አደረጉ።

"ዶክተር! ከዚህ ብብት ዕጢውን ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

መለኪያውን አስቀመጡ። ወጥተው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ተመልሰው ገቡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠየቁኝ፤

"ወይዘሮ ቦሰና፣ የትኛውን ክንድ ልያዝ?"

ቀኜን ዘረጋሁላቸው።

"አልፈዋል" አልኳቸው።