ለወጀብ የተከፈተ ጣራ

ወጀቡ ሲያልፍ የጎተራችን ጣራ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ከአሥራ ስድስት ቆርቆሮ አሥራ አንዱ ማለቴ ነው። አምስቱ በየማሳው ተበትነዋል፤ አንዱን በጎረቤታችን በቆሎ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። በዚያ ማሳ ላይ የቆመ ነገር እሱ ብቻ ነበር። በቆሎው እንዳለ ተኝቷል፣ ድልድዩ ግማሹ የለም፣ መንገዱም ውሃ መውረጃ ሆኗል።

እኛ ግን ለበቆሎው የምናዝንበት ጊዜ አልነበረንም። ጎተራው ውስጥ ዘጠኝ ጆንያ የዘር ስንዴ ነበር፤ ከአሥር ቀን በኋላ የምንዘራው። ሌላ ዘር የለንም፤ ድልድዩ ከተሰበረ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ሦስቱ ጆንያ በዝናቡ ርሷል። እማዬ አልጋዎቹን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እርጥቡን ስንዴ ወለሉ ላይ አሰጣችው፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተፈራረቅን ስናገላብጠው አደርን። ቤታችን ውስጥ መራመጃ የቀረው በበሩና በምድጃው መካከል ያለ አንድ ጫማ የሚያህል መንገድ ነው።

ስድስቱ ጆንያ ደረቅ ነው። ማስገቢያ ስለሌለን እዚያው ጣራ የለሹ ጎተራ ውስጥ ላስቲክ አልብሰን ተውነው። ላስቲኩን ነፋሱ ይገልጠዋል፤ እሸፍነዋለሁ፤ ዞር ስል ይገልጠዋል። ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ ከብዷል። ሰሞኑን ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ አይቀርም። ከዚያ በፊት ጣራ ካልገጠምን ስድስቱም ያልቃል።

ጎተራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አናጢ ሲሠራ ቆሜ አየሁ፣ አንድ ሽፋኑ የተቀደደ የግንባታ መጽሐፍ አገኘሁ፣ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ቆርቆሮ ሲነባበር የላይኛው ጠርዝ ለነፋስ ጀርባውን መስጠት አለበት፤ ፊቱን ከሰጠ ነፋሱ ጣቱን ከሥር አስገብቶ ይነቅለዋል። ይህን አውቃለሁ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስሬ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ተመለከትኩ። ጨርቁ ሁልጊዜ የሚያሳየኝ ከኮረብታው በኩል እንደሚነፍስ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ጫፍ ጀምሬ ወደ ኮረብታው ነባበርኩ።

አናጢው ያኔ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አይቶኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ገለበጥሽው እኮ» አለኝ። «የየቀኑ ነፋስ ከኮረብታው ነው። ጣራ የሚነቅለው ግን ከወንዙ በኩል ነው የሚመጣው።»

«እኔ ሦስት ወር ለክቻለሁ። አንተ በምን ለካኸው?»

«በነቀለብኝ ጣራ።»

«እንግዲያው ደካማ ሠርተህ ነዋ!»

ስቆ ሄደ። እኔም ስቄ ሚስማሬን መታሁ። ያን ሳቄን ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር እግሬ አንድ ቦታ አይቆምልኝም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባዬ ነው። ከማለዳ ጀምሮ አጥሩ ላይ ቆሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አንድ ነገር ይደግማል፤ «የልጄን ሥራ የሚነቅል ነፋስ በዕድሜዬ አላየሁም! ይሄ ነፋስ አይደለም፣ ቁጣ ነው።» ሰውም ራሱን ይነቀንቅለታል። እኔ ላስቲኩን እይዛለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ወደ አናጢው ሮጥኩ። ትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ነበር፤ ከሥር የሚጠብቁት ሰባት ሰዎች ሁሉም የእኔን ቤት አስቀድም ይላሉ። ሲያየኝ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ።

«ኢንጂነራችን መጣች! ምን ልታዘዝ?»

«ጣራዬ ሄዷል።»

«አየሁት። በላዬ አልፎ ነው የሄደው፤ ሰላምም አላለኝ።»

ሰባቱም ሳቁ።

«ስድስት ጆንያ ዘር ሜዳ ላይ ነው ያለው። ሁለት ሰዓት ብቻ ስጠኝ።»

«ከነገ ወዲያ።»

«ከነገ ወዲያማ ስንዴው ቅጠል ያወጣል!»

ዝቅ ብሎ አየኝ፤ ቀልዱን ተወው። «እጅ አለሽ አይደል? ሚስማሩ ላይ የሚደረገውን ጎማ እሰጥሻለሁ። ከየት በኩል እንደምትጀምሪ ነው ዋናው።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ማወቅሽን አልተጠራጠርኩም። አባትሽስ ያውቃል?»

እጄን ለጎማው ዘረጋሁ። አንድ ቆርቆሮ ጣሳ ሙሉ ጎማ ወረወረልኝና ተመልሶ መዶሻውን አነሳ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ በአናጢው ተናደድኩ። ወንዙ ጥግ ስደርስ የምናደድበት ምክንያት አለቀብኝ።

ቤት ስደርስ አባዬና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቆርቆሮዎቹን፣ በየማሳው የተበተኑትንም ለቅመው፣ በጋሪ አምጥተው አራግፈዋል። ሁለቱ ተጣጥፈው ስለነበር በድንጋይ ቀጥቅጠን አቃናናቸው። መሰላሉን አቆምኩ፣ ማገሩ ላይ ወጣሁ። አባዬ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ወንዙ ጫፍ ሄደ። እንዴት አይሄድ? ባለፈው ያስጀመርኩት ከዚያ ነው። ልጁ ያሳየችውን አይረሳም።

«ያዢ እንጂ!» አለ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ዘርግቶ።

አልያዝኩም። ከኮረብታው ጫፍ እንጀምር ማለት አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ «ለምን?» ይላል። «እንዲሁ» ብለው ያምነኛል፤ ክፉው ነገር ማመኑ ነው። ዝም ብዬ ብቀበለው ደግሞ ጣራው እስከሚቀጥለው ወጀብ ይቆያል። ምናልባትም እስከዛሬው ስምንት ሰዓት።

«ምን ነካሽ? ክንዴ ዛለ እኮ!»

«አባዬ፣ በዚያ በኩል አይደለም።»

«ባለፈው በዚህ አልነበር?»

«ባለፈው ተሳስቼ ነው። ገልብጬ ነው የነባበርኩት። ወጀብ ከወንዙ በኩል ነው የሚመጣው፤ ተነግሮኝም ነበር፤ አልሰማሁም። ቁጣ ምናምን አይደለም። ከዚያ በኩል ቀላል ነፋስም ቢሆን ይነቅለው ነበር።»

ቆርቆሮውን አወረደው። መልሶ ራሱ ላይ አድርጎ ጎተራውን ዞረ። በግድግዳው ማዶ ሲሄድ የሚታየኝ ቆርቆሮው ብቻ ነበር። ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመ።

«እዚህ ነው?»

«እዚያ ነው።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ አጥር ላይ ስለፈልፍ ለምን አፌን አልያዝሽም?»

«ደስ ብሎህ ስለነበር።»

«ደስታዬ ስንዴውን ያለብሰዋል? ያዢ!»

ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው «አቀብል»፣ «ጎማ»፣ «ዝቅ አድርጊው» ብቻ ነው። አሥረኛው ላይ ነፋሱ ተነሳ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው ዛፍ አይታይም ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሪውን ሊወስድ ተመልሶ መጣና አንጋጦ አየን።

«እናንተ፣ ባለፈው በዚያ በኩል አልነበር የጀመራችሁት?»

አባዬ ቀድሞኝ አፉን ከፈተ። «እ… አየህ፣ ይሄ ነፋስ…»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት!» ብዬ ጮህኩ። «ገልብጬ ሠርቼው ነው የሄደው። ግቢህ ውስጥ የወደቀው የእኔ ጥፋት ነው!»

ሰውዬው ጎኑን ይዞ ሳቀ። «አንቺ? ጥፋት? ወፍጮ ቤት ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ነው የማወራው!»

«አውራ! መጀመሪያ ግን ያን ቆርቆሮ አቀብለኝ።»

አቀበለኝ። የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ፤ ወፍራምና ቀዝቃዛ። ቀጣዮቹን ሁለት ደርበን ገጠምን። አባዬ የመጨረሻውን ሲዘረጋልኝ ዶፉ ወረደ፤ የሚስማሩን ራስ ማየት ስላቃተኝ በጣቴ እየዳበስኩ መታሁ። አንዴ የመታሁት ጣቴን ነው።

«ውረጂ! መብረቁ!» ይላል አባዬ።

«ሦስት ሚስማር!»

«ስንዴው ይጥፋ፣ ውረጂ ብያለሁ!»

«ሁለት!»

ነፋሱ ከወንዙ በኩል መጣ። በሆዴ ተኛሁ። ቆርቆሮው ከሥሬ ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ፤ ነፋሱ ጠርዙን ለማግኘት ከላይ እስከ ታች ሲፈልግ ሰማሁት። አላገኘም፤ በላዬ አልፎ ሄደ። ከውስጥ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ ጆንያዎቹ መካከል ቆሞ በየአሮጌው የሚስማር ቀዳዳ ሥር እየዞረ ነው።

«እዚህ ጥግ ትንሽ ያንጠባጥባል!»

«ስንዴው ላይ ነው?»

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ።

«እኔ ላይ ነው» አለ።

የመጨረሻውን ሚስማር መታሁ።