የሙንተሃ ዲግሪ የተገመተበት እሑድ

በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሱቅ ተራ ሁለት ሸሪኮች ሲለያዩ ፍርድ ቤት አይሄዱም፤ ሦስት ገማች ይጠራሉ። ገማቾቹ ዕቃውን ያገላብጡና እያንዳንዳቸው የመሰላቸውን ዋጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ኮፍያ ውስጥ ይጥላሉ። ትልቁ ይጣላል፣ ትንሹ ይጣላል፣ መካከለኛው ይጸናል። በዚህ መንገድ ሚዛን ተገምቷል፣ ፍሪጅ ተገምቷል፣ አንድ ጊዜም የሁለት ወንድማማቾች የጋራ ሳይክል ተገምቷል። ዲግሪ ግን ማንም አስገምቶ አያውቅም፤ ባለሱቁ አቶ ሙዘይን እስኪጀምሩት ድረስ።

ነገሩ የመጣው በትንሿ ልጃቸው በአስማ ነው። አስማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጎንደር ተመድባለች፤ ተፈጥሮ ሳይንስ። መግቢያዋ ሐሙስ ነው። ታላቋ ሙንተሃ ደግሞ ከሀረማያ በኬሚስትሪ ተመርቃ ከመጣች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፤ እስካሁን ያገኘችው ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ነው። አንድ ጊዜ ቀበሌ ጠርቷት ነበር፤ ከሌሎች ምሩቃን ጋር ተደራጅታ ኮብልስቶን እንድታነጥፍ። «ድንጋይም እኮ ኬሚካል አለው» አላት አደራጁ፣ ሊያጽናናት።

አቶ ሙዘይን የሚመሩት በአንድ ሕግ ነው። ባልተሸጠ ዕቃ ላይ ሌላ ዕቃ አይጫንም።

«አንዱ ካርቶን መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ሁለተኛ ካርቶን ልዘዝ?» አሉ ቁርስ ላይ።

«አባባ፣ እኔ ካርቶን ነኝ?» አለች ሙንተሃ።

«አንቺን ማን አለ? ዲግሪውን ነው።»

ወጪውን አስልተውታል። የሦስት ዓመት መሳፈሪያ፣ ልብስ፣ የኪስ ገንዘብ፣ በእሷ ፋንታ ለተቀጠረው ሻጭ የተከፈለው፤ ድምሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር። ዲግሪው ከዚህ በላይ ከተገመተ አስማ ጎንደር ትሄዳለች፤ ካነሰ ሱቅ ትቀመጣለች። «ወላሂ አንድ ሳንቲም ከበለጠ እልካታለሁ» ብለው ማሉ።

አስማ አላለቀሰችም። የእህቷን ቴምፖ፣ ማለትም ዋናው ዲግሪ እስኪመጣ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ወረቀት፣ ከፕላስቲኩ አውጥታ ለበዓል ገበያ እንደሚነዳ በግ ስትጠርገው አመሸች።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱ ገማቾች ሱቁ ውስጥ በስኳር ጆንያዎች ላይ ተቀመጡ። አቶ ደምሴ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ ባለወፍጮ ናቸው፤ ከቸርች በቀጥታ ስለመጡ የእሑድ ነጠላቸውን አላወለቁም። አቶ በርናባስ ያገለገለ የቤት ዕቃ ገዝተው ይሸጣሉ፤ ፊታቸው እንደተዘጋ ሱቅ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም።

አቶ ደምሴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሱት። «ጊዜያዊ ይላል።»

«አዎ» አለች ሙንተሃ።

«መቼ ነው ጊዜው የሚያልፈው?»

«አያልፍም ጋሼ። ዋናው እስኪወጣ ነው።»

«ዋናውስ የታለ?»

«ዩኒቨርሲቲው ጋ። የወጪ መጋራቱ ሲከፈል ይለቀቃል።»

«ሙዘይን!» አሉ አቶ ደምሴ። «ጉምሩክ የተያዘ መኪና ልታስገምተን ነው የጠራኸን?»

ተራው የአቶ በርናባስ ሆነ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም። «ተመልሶ ይሸጣል?»

«አይሸጥም፤ ስሜ አለበት።»

«ፎቶም አለበት» አሉ፣ ጉዳት እንዳገኙ ሁሉ። «የሚቀጠልበት ነገርስ አለው?»

«ማስተርስ ይቀጠልበታል!» አለች አስማ ከጓዳው በር።

«እሱ እንኳን ደግ ነው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እናንተ ወረቀት ታሻላችሁ። ወፍጮ የሚገዛ ሰው ደረሰኙን ነው የሚያየው ወይስ ያስፈጫል? ነይ እስቲ ልጄ። ሳትማሪ የማታውቂው የነበረ፣ አሁን የምታውቂው አንድ ነገር ንገሪን።»

ሙንተሃ ዞር ዞር አለች። የሦስት ዓመት ትምህርት በአንድ ጊዜ ከራሷ በኖ ጠፋ። ዓይኗ ያረፈው በሱቁ ደጃፍ ላይ ነው፤ አባቷ የበረኪና ጠርሙሶችን ፀሐይ ላይ ደርድረዋል፤ ከሩቅ ሲያብለጨልጩ ደንበኛ ይጠራሉ ብለው።

«ያ በረኪና ሞቷል» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ፀሐይ ገደለው። ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉ ይሄዳል። አንድ ወር እዚያ ከቆመ በኋላ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ጨለማ ውስጥ ነበር መቀመጥ ያለበት።»

«ስድስት ዓመት እኮ እዚያው ነው የማስቀምጠው!» አሉ አቶ ሙዘይን።

ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንተ ነው የምገዛው ሙዘይን። ይህን ነጠላ አራት ጊዜ ዘፍዝፌዋለሁ። ሠራተኛዬን በደንብ አላሸሽውም ብዬ ተቆጥቻለሁ። ውሃ ነው የሸጥክልኝ?»

«እኔስ መቼ አወቅኩ?»

«እሷ ታውቃለች እኮ! ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

አቶ ሙዘይን ወደ ካርቶን ቁራጮቹ አመለከቱ።

ሦስቱም ጀርባ ሰጥተው ጻፉ። ሙንተሃ እየጠበቀች፣ እኔ ብጠየቅ ስንት እጽፍ ነበር ብላ አሰበች። የመጣላት ቁጥር አሳፈራት፤ አስማ እንዳትሰማው የፈራች ይመስል አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

አቶ ሙዘይን ከኮፍያው አንድ በአንድ አወጡ። አቶ ደምሴ፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መቶ ሺህ።

«መቶ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ሃምሳው ለዲግሪው ነው፣ ሃምሳው ለንዴቴ።»

አቶ በርናባስ፣ ሃያ አምስት ሺህ።

መቶው ተጣለ፣ አሥራ ሁለቱ ተጣለ። ሃያ አምስት ሺህ ጸና። አስማ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች፤ ከአሁኑ ሥራ እንደጀመረች ሁሉ። ሙንተሃ ወደ እሷ ማየት አልቻለችም።

«እንግዲህ ያው ነው» አሉ አቶ ሙዘይን። ትክክል መሆናቸው የሚገባውን ያህል ደስ አላሰኛቸውም።

በዚህ መሀል አቶ በርናባስ ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ብር አውጥተው መቁጠር ጀመሩ።

«ምንድን ነው?»

«ልወስደው ነዋ።»

የሱቅ ተራው ሕግ ሁለተኛ ግማሽ አለው። በሰው ዕቃ ላይ ማንም እንደ ዋዛ ቁጥር እንዳይጽፍ፣ ዋጋው የጸናለት ገማች በዚያው ዋጋ ዕቃውን በጥሬ ብር መውሰድ ይችላል። ባለቤቱ አልለቅም ካለ በምስክር ፊት የበለጠ ዋጋ ጠርቶ ለራሱ ያስቀራል፤ ገማቹም ሊጨምርበት ይችላል፤ የመጨረሻው ጥሪም የዕቃው ዋጋ ሆኖ ይጸናል። አቶ ሙዘይን ይህን ግማሽ አላሰቡበትም። ዲግሪ ሊገዛ የሚመጣ ሰው በሕልማቸውም አልታያቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ይሠራልሃል?»

«ሳሎን እሰቅለዋለሁ። ግድግዳዬ ባዶ ነው።»

«የሰው ልጅ ፎቶ ያለበትን?»

«ማን ተጠግቶ ያያል? ‹የማነው?› ካሉኝ ‹የቤታችን ነው› እላለሁ።»

ሙንተሃ ራሷ ከአቶ በርናባስ ሶፋ በላይ ተሰቅላ፣ የማታውቃቸውን እንግዶች ቁልቁል ስታይ ታያት። አባቷም ያው የታያቸው ይመስላል፤ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«ሃያ ስድስት» አሉ።

«ሠላሳ» አሉ አቶ በርናባስ፣ ከብሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«ሠላሳ አንድ!»

«ሠላሳ አምስት።»

«በርናባስ፣ በአላህ! ሀረማያ ድረስ ስንቋን ተሸክሜ የሸኘኋት እኔ ነኝ። የፈተናዋ ሰሞን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን አድርገሃል? አርባ! አርባ ሺህ! ከዚህ በኋላ አንድ ብር ብትጨምር ከሱቄ ትወጣለህ!»

አቶ በርናባስ ብሩን መልሰው በላስቲክ አሰሩ። «ከዚያ በላይ አቅም የለኝም። ያንተ ነው።»

ደጅ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ።

«ወጪው ስንት ነበር ያልከን?» አሉ አቶ ደምሴ።

ሙንተሃ የአባቷ ከንፈር ያለ ድምፅ ሲያሰላ አየች። ከአርባ ሺህ ላይ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሲቀነስ። ደግመው አሰሉት፤ ያው መጣ።

«እኔ እኮ ለመሸጥ አይደለም የጠራሁት...»

«ጠርተሃል። ሦስት ምስክር አለ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«ወላሂም ብለዋል አባባ» አለች አስማ፤ ቆማለች።

ሙንተሃ ወደ አቶ በርናባስ ተመለከተች፤ ዕቃውን የምር ፈልገውት ነበር ወይስ ሌላ ነገር ነበራቸው ብላ። ፊታቸው እንደተዘጋ ነው።

አቶ ሙዘይን ኮፍያቸውን አራግፈው ራሳቸው ላይ ደፉት። «ጎንደር ይበርዳል ይባላል» አሉ በመጨረሻ። «ብርድ ልብስ ያስፈልጋታል። ሻንጣም የላትም።»

«ሻንጣ አለኝ» አሉ አቶ በርናባስ። «ያገለገለ ነው። አንድ ጎማው ብቻ ነው የሚንጫጫው። አምስት መቶ።»

«ለአሮጌ ሻንጣ አምስት መቶ? ለተማሪ ነው እኮ፣ ቀንስ!»

«ለተማሪ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ እቀንስ ነበር። አርባ ሺህ ብር ይዛበት ልትመለስ አይደል?»

አቶ ደምሴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሙንተሃ ከአባቷ እጅ ሥር ቴምፖዋን ቀስ ብላ ሳበች፤ ለቀቁላት። ሁለቱ ሰዎች አራት መቶ ሃምሳ ላይ እንደሚስማሙ ታውቃለች፤ እዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። አስማ አልጠበቀችም፤ ጓዳ ገብታ ሹራቦቿን አልጋ ላይ እየዘረገፈች ነው። ሙንተሃም ገባችና የብርድ አገር ሹራብ እንዴት በጠባብ ቦታ እንደሚታጠፍ ታሳያት ጀመር።