አርባ አንድ ነርሶች

ቁጥሩ እንደገና ጨመረ። ሠላሳ ስምንት የነበረው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ፤ የሬጅስትራሩ ጣት ግን ኪቦርዱን አልነካም።

"እኔ አይደለሁም!" አለ፣ ኮምፒውተሩ ይነክሰው ይመስል ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳበ። "እጄን እዪው፣ እዚህ ነው!"

ሲጠራት እየሮጠች የመጣችው የኮምፒውተር መምህርት ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ስክሪኑ ላይ "ዛሬ የተሰጡ የምስክር ወረቀቶች" የሚለውን መስመር አየች። አርባ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ለማን ነው የሰጡት?"

"ለማንም! ከገባሁ ሻይ እንኳን አልቀመስኩም።"

"የይለፍ ቃልዎንስ ለሰው ሰጥተዋል?"

ሬጅስትራሩ ተቆጣ። በዚህ የጤና ኮሌጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ማህተሙን ለዲኑ እንኳን ያለ ፊርማ አላዋሰም፤ ምሳ ሲወጣ በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። ተማሪዎቹ "ጋሽ ማህተም" የሚሉት በፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ራሱም ያውቃል። ኮሌጁ በስልክ ካሜራ የሚነበብ የምስክር ወረቀት ሲጀምር፣ ስለ ኢንተርኔት ጥንቃቄ የሦስት ቀን ስልጠና ወስዷል። ሁለቱን ቀን በደንብ ተኝቷል፤ በሦስተኛው ፎቶ ተነስቷል።

"ለሰውማ አልሰጠሁም" አለ። "ለበላይ መሥሪያ ቤት ነው የሰጠሁት።"

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። "እስቲ ያሳዩኝ።"

ጠዋት የደረሰውን ኢሜይል ከፈተላት። "መለያዎ ዛሬ ይዘጋል፤ እንዳይዘጋ የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ" ይላል። ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ሐምራዊ ማህተም።

"የላኪውን አድራሻ አላዩትም? ይኼ እኮ የመሥሪያ ቤት አድራሻ አይደለም!"

"ማህተሙን ነዋ ያየሁት! ያውም በአጉሊ መነጽር። ቀለሙ አልፈሰሰ፣ ጠርዙ አልተቆረጠ። እንዲህ አምሮ ያረፈ ማህተም በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ቢያጋጥመኝ ነው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያስገባ አደረገችና እሱ ሲጽፍ ፊቷን አዞረች። ቁጥሩ አርባ አንድ ላይ ቆመ።

"እፎይ" አለ።

"ምን እፎይ አለው ጋሼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አርባ አንዱ ወጥተዋል። አሁን የገዟቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ ናቸው።"

"እነሱን ብቻ እናግዳቸዋ!"

"በምን ለይተን? ቆጣሪው ስንት እንደወጣ እንጂ የቱ እንደሆነ አያሳይም። ሌቦቹ የእውነተኛ ተመራቂዎችን ቁጥር ገልብጠው፣ የዘንድሮውን የምረቃ ቀን ጽፈውባቸዋል። ከወረቀት መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ እስኪመሳከር የእነሱን ከእኛ መለየት አይቻልም። የዘንድሮውን በሙሉ ማገድ ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ማገድ የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ሬጅስትራሩ ክው አለ። ልጁ ከዘንድሮ ተመራቂዎች አንዷ ናት። በዚህች ሰዓት ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ፣ ነርስ ሆነው ሊቀጠሩ ከመጡት ጋር ተሰልፋለች። ስምንት ወር ለፍታ ያገኘችው የመጀመሪያ ጥሪ ነው። ማስረጃዋን ካሜራው ሲያነበው አረንጓዴ ካሳየ ትገባለች፤ ቀይ ካሳየ ትመለሳለች፣ ቦታውም ዛሬውኑ በሌላ ሰው ይሞላል።

ደወለላት።

"አባዬ! ሦስት ሰው ነው የቀረኝ፤ ጸልይልኝ!"

"ልጄ... አንዴ ስሚኝ።" የሆነውን ሁሉ ነገራት።

"አሥር ደቂቃ" አለች። "አሥር ደቂቃ ብቻ፣ አባዬ። ልግባና ከዚያ የፈለግከውን አግድ። ስምንት ወር ሙሉ ቤት ቁጭ ብዬ ስታየኝ አላዘንክልኝም?"

መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ማን ያያል? ማንስ ይጠይቃል? ሬጅስትራሩ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

"ከፊትሽ ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው?"

"አንዳቸውንም አላውቅም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከፊቴ ያለው ሰውዬ አሁን ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? ሕፃን መርፌ የሚወጋው የቱ ጋ ነው አይለኝም! የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።"

"እሱስ ሳቀ?"

"አልሳቀም።"

ሬጅስትራሩ "ሁሉንም አግድ" የሚለውን ተጫነ። ሲስተሙ ስድስት ባዶ ሳጥን ዘረጋ፤ ወዲያው ስልኩ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ጢው አለ።

"አባዬ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረኝ..."

ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር። ኔትወርክ ተቋረጠ ቢላት ማን ይጠራጠረዋል? አልዘጋውም። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠውና፣ እየሰማችው፣ በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀመረ።

"ሰባት" አለ ጮክ ብሎ። "ዜሮ። ሁለት።"

"አባዬ? ምንድነው የምትቆጥረው?"

"ሁለት። ዘጠኝ።" አንድ ሳጥን ቀረ።

"አባዬ!"

"አራት" አለ።