ማንኮራፋቱ ሲቆም

ማንኮራፋቱ ከወንዶች ክፍል መስኮት ወጥቶ ግቢውን ሞልቶታል። ሰርክአዲስ ከመስኮቱ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች ታዳምጣለች። በአጠገቧ የሚያልፉ ሰዎች ቀና እያሉ ይስቃሉ። ክንዱ በፋሻ የታሰረ አንድ የአራዳ ጎረምሳ፣ «የጅቡቲ ባቡር እዚህም ይገባል እንዴ?» ብሎ አለፈ። አልሳቀችም፤ አልተቀየመችምም። ባሏ እስካንኮራፋ ድረስ በሕይወት አለ። የሚያስፈራት ሲያቆም ነው።

አቆመ።

አንገቷን ወደ ላይ ሰቀለች። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ከጎኑ ተኝታ ስንት ዓመት አዳምጣዋለች። ደረቱ ይታገላል፣ ሆዱ ይነሳል ይወድቃል፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ ውኃ ሊወስደው እንደነበረ ሰው ተንፈራግጦ በታላቅ ሲቃ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ መመለሱን ይረሳዋል። ያኔ ትከሻውን ይዛ ትነቀንቀዋለች። ዛሬ ግን እሱ ፎቅ ላይ ነው፤ እሷ መሬት ላይ ናት።

«ገዛኸኝ!» ብላ ጮኸች።

የበሩ ጥበቃ እየተጣደፈ መጣ። «እህቴ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም ብዬሻለሁ። እዚህ መጮህ ክልክል ነው።»

«እሺ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ይተንፍስ።»

ጥበቃው ያበደች መሰለችው። በዚህ መሐል መስኮቱ ላይ ሽበታም ራስ ብቅ አለ። ከገዛኸኝ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ለጨጓራ የተኙት ጋሽ ዘገዬ ናቸው። ትናንት ባሏን ስታስተኛ፣ ዝም ካለ እንዲነቀንቁላት እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸው ነበር። «ቀስቅሼዋለሁ ልጄ፤ ተነሥቶ ተቀምጧል» አሏት። ግንቡን ተደግፋ ቆመች።

ገዛኸኝ ልብስ ሰፊ ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መቀሱ የተመሰገነለት ሰው ነበር። እንቅልፍ ቀስ በቀስ በላው። ሌሊቱን ሲታነቅ ስለሚያድር ቀን እንደተቀመጠ ያንቀላፋል፤ የሚነቃው መርፌው ጣቱን ሲወጋው ነው። በቀደመው ዓቢይ ጾም ካውያ እንደያዘ ሸለብ አደረገውና የቀበሌውን ሊቀመንበር ካኪ ሱሪ መቀመጫው ላይ አቃጠለው። ሰፈሩ ሲስቅ ከረመ። ሳቁ የቆመው በስብሰባ ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ስለ አድኃሪያን ሤራ ሲናገሩ ገዛኸኝ ከኋላ ወንበር አንኮራፋ። መጀመሪያ ሱሪያቸው፣ ቀጥሎ ንግግራቸው፤ ሰውዬው ይህን እንደ አጋጣሚ ሊቀበሉት አልቻሉም። «ጓድ ልብስ ሰፊ አብዮቱን ተኝቶ ነው የሚታገለው» አሉና አስወሰዱት።

በቀበሌው እስር ቤት ሰነበተ። ሰርክአዲስ እቤቷ ስታለቅስ የነበረው፣ ይመቱታል ብላ ብቻ አልነበረም፤ ማን ይነቀንቀዋል ብላም ነው። ሲፈታ፣ አብረውት የታሰሩት ሰዎች ተራ ገብተው ሲነቀንቁት እንዳደሩ ነገራት። ለማታውቃቸው ሰዎች ስማቸውን ሳትጠራ ጸለየችላቸው። የለቀቁት በማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ካንቀላፋ ነገሩ እዚያ እንደማያበቃ ተነግሮታል። በዚያ ዘመን እዚያ አያበቃም የተባለ ነገር የት እንደሚያበቃ ማንም አይጠይቅም።

ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ቀርተው አይደለም። ግን በየክሊኒኩ «ጉሮሮውንስ ያመዋል?» ሲባል፣ እናቱ እትዬ በለጠች ከአፉ ነጥቀው፣ «የሱ ጉሮሮ በልጅነቱ ተቆርጧል፤ እኔው ራሴ ጭኔ ላይ ይዤ ነው ያስቆረጥኩት» ይላሉ። ተቆርጧል ከተባለ ማን አፍ አስከፍቶ ያያል? አንዱ የደም ማነስ ነው አለ። ሌላው ጥሩ እንቅልፍ እንዲተኛ ብሎ ኪኒን አዘዘለት፤ በዚያች ሌሊት ልታጣው ነበር። በመጨረሻ ከውጭ ተምሮ የመጣው ወጣቱ ዶክተር ገብረትንሣኤ ነው፣ የአሮጊቷን ቃል በአክብሮት ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ቢሆንም እስቲ አፍዎን ይክፈቱ» ያለው። ባትሪውን አብርቶ ብዙ ቆየ።

«የተቆረጠው እንጥሉ ነው» አለ። «ቶንሲሎቹን ማንም አልነካቸውም። ከሁለት በኩል አብጠው ተገናኝተዋል፤ ሲተኛ አየር የሚያልፍበት ቦታ የለም። ቢወጡ ይሻለዋል ብዬ አስባለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገር ግን ማደንዘዣ ያስተኛል፤ እሱ ደግሞ የሚታነቀው ሲተኛ ነው። ላይነቃ ይችላል። ደምም ሊያስቸግር ይችላል። እንዲሁ ከተተወ ደግሞ ልቡ ብዙ አይችልም። ምርጫው የእናንተ ነው።»

ሰርክአዲስ ወደ ባሏ ዞረች። ገዛኸኝ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ስለ ሞቱና ስለ ሕይወቱ ሲወራ አልሰማም። እትዬ በለጠች፣ «ሁለተኛ ቢላ ልጄ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም» አሉ። ዶክተሩ እሷን ይጠብቃል። «ይውጣ» አለች። ቃሉ እንዴት ከአፏ እንደወጣ አታውቅም። በኋላ ቀስቅሳ ስትነግረው ገዛኸኝ፣ «አንቺ ካልሽ» አላትና መንገድ ላይ እጇን ይዞ እንደ ልጅ ተከተላት።

አሁን እነሆ ቀኑ ደረሰ። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊወስዱት ሲሉ ያ ጥበቃ ራሱ መጥቶ፣ «ነይ፣ ቶሎ በይ» ብሎ አስገባት። ገዛኸኝን በተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስቀምጠውታል፤ ዶክተሩ በጀርባው እንዳያስተኙት አዟል። የሆስፒታሉን ነጭ ልብስ ለብሷል። ትከሻው ላይ የተጣመመውን ስፌት በጣቱ እየዳበሰ፣ «ይሄን ማን ሰፋው?» አላት። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ሰርኬ፣ እዚያ ውስጥ ማን ይቀሰቅሰኛል?»

እጁን ይዛ አብራው ሄደች፤ በሩ ጋ አስለቀቋት።

እትዬ በለጠች ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ አላናገሯትም። ሰርክአዲስ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ከበሩ ወዲያ ምንም አይሰማም። ተስፋዋ ሁሉ ተሟጧል። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ነቅቶ ራሱ እስኪናገር መጠበቅ አቅቶኝ ነው ትላለች በልቧ። ሐዘን ስቀመጥ ጥቁር ቀሚሴን ማን ይሰፋልኛል ብላ አሰበች፤ በዚያ ቤት የሚሰፋው እሱ ብቻ ነው። ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላች።

«አንቺ ነሽ ያልሽው» አሉ እትዬ በለጠች ድንገት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጄ ቢቀርስ ምን ትይኛለሽ?»

«ምን እልዎታለሁ፣ እማማ? የምለው የለኝም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም። «ያን ጊዜ ሳስቆርጠው ሲራገጥ ልይዘው አልችልም ነበር። ደሙ ቀሚሴን አጠበው። ሲያልፍ፣ ዳነልኝ ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ቡና አጠጣሁ።» የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። «ለካ ሳይድን ነው ያሳደግሁት። ለካ ሐኪሞቹን ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሰርክአዲስ ልትጠላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ አልሆነላትም። ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ክንዷን ጨምቀው ያዙ፤ በሩ እስኪከፈት ድረስም አለቀቋትም።

ዶክተር ገብረትንሣኤ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ወጣ። «ቶንሲሎቹ ወጥተዋል። አስጨንቆናል፤ ግን ነቅቷል» አለ። ሁለቱ ሴቶች እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ወደኋላ ሸሸ። «ገና ነው፤ ዋናው የዛሬው ሌሊት ነው። ተኝቶ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ደም እየፈሰሰው ነው ማለት ነው፤ ወዲያው ነርስ ይጠራ።»

ክፍሉ ገብተው ሲያዩት በጎኑ ተኝቷል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የከንፈሩ ጥግ ላይ የደረቀ ደም አለ። ድምፅ የለም። ሰርክአዲስ አላሰበችበትም፤ እጇ በልማዱ ሄዶ ትከሻውን ነቀነቀው። ገዛኸኝ ዓይኑን ገለጠ። መናገር አልቻለም፤ ሕመሙ ዓይኑን በእንባ ሞላው፤ ተይኝ በሚል ዓይን አይቷት መልሶ ከደነ። የመጠየቂያው ሰዓት አለቀና ደወል ተደወለ። ሌሊት አስታማሚ አይፈቀድም። የዶክተሩን ቃል ለጋሽ ዘገዬ ደግማ ደጋግማ ነገረቻቸውና እየተገፋች ወጣች። እትዬ በለጠችን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ እንዲገቡ ከጎረቤት ሴት ጋር ሸኘቻቸው። እሷ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

መሸትሸት ብሏል። ጠዋት የቆመችበት ቦታ ቆመች። ከመስኮቱ የሚወጣ ነገር የለም። ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች፤ ምንም።

ሽበታሙ ራስ ብቅ አለ። «ልጄ፣ ዝም አለ እኮ። እንደ ጠዋቱ ልነቅንቀው?»

ይህ ዝምታ ለእሷ እስከ ዛሬ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። «እጅዎን አፍንጫው ሥር ያድርጉልኝ» አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ዘገዬ ገቡ። መስኮቱ ባዶ ሆነ። ከአትክልት ተራ በኩል የአንድ ጭነት መኪና ጥሩምባ ይጮኻል፤ ዝም እንዲልላት ተመኘች። ሽማግሌው ቆዩ፤ በጣም ቆዩባት። ሲመለሱ መዳፋቸውን ወደ እሷ ዘርግተው ነበር።

«ይሞቃል» አሉ። «ይመጣል፣ ይሄዳል። ድምፅ ብቻ ነው የሌለው።»

«ይውጣል?»

«አይውጥም። ታዲያ ልቀስቅሰው ወይ?»

«አይ» አለች። «ይተዉት። ይተኛ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ፣ ዶክተሩ ፊት እንደተናገረችው ቃል አስፈራት። ጋሽ ዘገዬ መስኮቱን ገርበብ አድርገው ገቡ። ጥበቃው ከበሩ ሆኖ፣ ሰዓት እላፊ እንዳይደርስባት ደጋግሞ ይጠራታል። «እሺ፣ መጣሁ» ትለዋለች፤ ከመስኮቱ ሥር ግን አልተንቀሳቀሰችም።