ያቺ አንዲት ነጥብ

ኦረስት ባቢያክ አንድ ቦታ ተረጋግቶ የቆመበት ቀን ትዝ አይለኝም። በካናዳ ፉትቦል፣ ኳሷን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት ጨዋታ፣ ሃያ ስምንት ዓመት መከላከል ያሰለጠነ ሰው ነው። ሃሚልተን፣ ካልጋሪ፣ ኦታዋ፣ ዊኒፔግ ሲል ኖሮ እኛ ጋ ሳስካቱን መጣ። የነገርከውን መልሶ ይጠይቅሃል፤ ስትመልስለት እንደ አዲስ ይጠይቅሃል። እኔ ኳስ በእግር ሲመታ የሚሰለፉትን ልጆች የማሰለጥን፣ ጨዋታ ላይ አጠገቡ የምቆም ሰው ስለሆንኩ አራት ዓመት ሙሉ ጨቀጨቀኝ።

ሚስቱ ሎርና ዕድሜ ልኳን ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስትዞር ኖራ፣ በአራተኛው ዓመት እዚሁ ቤት ገዙ። «ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ብሎ ማለላት። የክለቡ ፕሬዚዳንት ግን ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት እኛን አሰልጣኞቹን ሰብስቦ «ከተሸነፍን ከእናንተ አንዱ ይሄዳል» አለ።

እኩል ለእኩል ሆነን አራት ሴኮንድ ቀረ። ባላጋራዎቻችን ከሩቅ ጎል ለመምታት ተሰለፉ። ቢስቱ ኳሷን የሚቀበል አንድ ሰው የጎል ክልላችን ውስጥ አቆምን፤ ቴሬል ይባላል፣ ረቡዕ ዕለት ከሉዊዚያና የመጣ። እነሱ አገር ኳሷን እዚያ ይዘህ ከተንበረከክህ ጨዋታው ይቆማል፣ ምንም አትሆንም። እኛ ጋ ለባላጋራህ አንድ ነጥብ ሰጠኸው ማለት ነው። ወይ ይዘሃት ሮጠህ ትወጣለህ፣ ወይ ጠልዘህ ታወጣታለህ። ይህን ለአዲስ ሰው መንገር የእኔ ሥራ ነው። ሐሙስ ልነግረው አስቤ፣ ብርዱ ሲብስብኝ ልምምዱን አሳጥሬ ቤቴ ገባሁ።

«ነግረኸዋል?» አለኝ ኦረስት፣ ወዲያ ወዲህ እያለ።

«አዎ።»

«እንዳይንበረከክ?»

«አዎ አልኩህ እኮ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ በናትህ ልቀቀኝ!»

ጭቅጭቁ ሰልችቶኝ ነው የዋሸሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኳሷ ሳተች። ቴሬል ዘሎ ቀለባትና በሥርዓት ተንበረከከ፤ ከዚያ ለዳኛው አቀብሎ እየሳቀ ወደኛ መጣ።

«ኮች፣ አሁን ተጨማሪ ሰዓት ነው አይደል?»

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ኦረስት ዞር ብሎ አየኝ፤ ሁሉ ነገር ገብቶታል።

ፕሬዚዳንቱ መልበሻ ክፍል ገብቶ «ይሄን ልጅ ሳይነግረው የላከው ማነው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለ ኦረስት። «እነግረዋለሁ ብዬ ረሳሁት።»

መኪናዎቹ ጋ ደረስኩበት። «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?»

«ልጆችህ ገና ትምህርት ቤቱን መልመዳቸው ነው። እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«ሎርናስ?»

የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው አዛወረ።

በሳምንቱ ዕቃ ላግዛቸው ሄድኩ። ኤድመንተን አንድ የኮሌጅ ቡድን ወስዶታል። እሱ ውጭ ዕቃ ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ መልሶ ሲጭን ሎርና ወጥ ቤት ሰሃን በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር። ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ አሙቃ ሰጠችኝ።

«ብላ እንጂ፣ ፍሪጁን ባዶ ማድረግ አለብኝ።»

ጎርሼ ሳልውጥ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አንተ አጠገቡ ነበርክ። ‹ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ ወይ› እያለ ከእንቅልፉ የሚባንን ሰውዬ፣ እንዴት አድርጎ ነው ይሄን የሚረሳው? መሄድ ፈልጎ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ። ቤቱ ነው የሰለቸው ወይስ እኔ?»

እውነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በመስኮቱ ኦረስትን አየሁት፣ ስለ ልጆቼ አሰብኩ፣ ስለ ደመወዜም አሰብኩ።

«እርጅና ነው ሎርና» አልኳት። «ሰው ይረሳል።»

ራሷን ነቅንቃ ወደ ሰሃኖቿ ተመለሰች። አላመነችኝም።